አላስበውም ባሉ ቁጥር የሚመለስ ሐሳብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የአራቱ ጸሐፊዎች በዕድሜም በኑሮም የሚራራቁ ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ ላስበው የማልፈልገው ሐሳብ ለምን አይተወኝም? ስለዚህ ዐምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊጠቁም የሚችለውንም ሁሉ አውጥተናል።

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድሁ አራት ወር ሆኖኛል። አራስ ሳለሁ እናቴ እንደ ልማዳችን ከራስጌዬ ቢላዋ አኑራልኝ ነበር። አንድ ሌሊት ልጄን ሳጠባ ዐይኔ ቢላዋው ላይ አረፈና ‹አንስቼ ብወጋውስ?› የሚል ሐሳብ ድንገት መጣብኝ። ደንግጬ አማተብሁ፤ በማግሥቱም ሰበብ ፈጥሬ ቢላዋው ወደ ጓዳ እንዲመለስ አደረግሁ። ሐሳቡ ግን አልተወኝም። ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣል፤ ልጄን ሳጥበው ‹ውኃው ውስጥ ብደፍቀውስ?› ይለኛል። በመጣ ቁጥር ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ‹ወግድ› እላለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ፤ እየባሰበት ሄደ እንጂ አልቀነሰም። አሁን ቢላዋዎቹን ሁሉ ቆልፌባቸዋለሁ፤ ልጄንም የምታጥበው ታናሽ እኅቴ ናት። ለባለቤቴ ብነግረው ልጄን የሚነጥቁኝ ይመስለኛል። ከነፍሴ አብልጬ የምወደው ልጅ ነው። እያበድሁ ነውን?» — አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ

ውድ እኅታችን፣ በደብዳቤ ምርመራ ማድረግ አይቻልም፤ ነገር ግን የጻፉት ነገር የሚያብድ ሰው ታሪክ አይመስልም። የሚመስለው በሐሳቡ የደነገጠና ሐሳቡን ለማባረር ባደረገው ትግል የደከመ ሰው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ ደግሞ በሥነ ልቦና ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ለምን እንደማይሄድ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ በሚገኘው ትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን አንድ ሙከራ ውጤት አሳተሙ። ሠላሳ አራት ተማሪዎች አንድ በአንድ ክፍል ውስጥ እየተቀመጡ በአእምሯቸው የሚመላለሰውን ሁሉ ለአምስት ደቂቃ በድምፅ መቅጃ ፊት እንዲናገሩ ተጠየቁ። እኩሌቶቹ «ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ከመጣባችሁ ግን ይህን ደወል ደውሉ» ተባሉ። ደወሉ በአማካይ በየደቂቃው ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰማ። ይበልጥ ያስገረመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እነዚሁ ተማሪዎች «አሁን ስለ ነጩ ድብ ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡት ከተፈቀደላቸው ተማሪዎች ይልቅ ድቡ በብዛት ተመላለሰባቸው። ታፍኖ የቆየው ሐሳብ መንገዱ ሲከፈትለት ብድሩን የመለሰ ይመስል ነበር። (በአገራችን ድብ ስለሌለ አንባቢ «ነጭ ጅብ» ብሎ በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ቡናው ተጥዶ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ነጭ ጅብን ላለማሰብ መጣር ብቻ ይበቃል።)

ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ትንታኔ ነገሩን እንዲህ አስረዳ። አንድን ሐሳብ ለማፈን ስንነሣ በአእምሯችን ውስጥ ሁለት ሥራዎች ይጀመራሉ። አንደኛው ሥራ ሌላ የሚታሰብ ነገር ፈልጎ ማምጣት ነው፤ ይህ በፈቃዳችን የሚሠራ፣ ጉልበት የሚጠይቅና ቶሎ የሚደክም ነው። ሁለተኛው ሥራ «ያ ሐሳብ መጥቷል ወይስ አልመጣም?» እያለ መቃኘት ነው፤ ይህኛው እኛ ሳናውቀው የሚሠራና እምብዛም የማይደክም ነው። ሁለተኛውን እንደ ዘበኛ ያስቡት። ሌባ እንዳይገባ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሌባውን ለይቶ ለማወቅ የሌባውን መልክ በልቡ ይዞ መቆም አለበት። እርስዎም ሐሳቡ እንዳይመጣ ዘበኛ አቆሙ፤ ዘበኛው ሥራውን ለመሥራት ሲል ያንኑ ሐሳብ ቀን ከሌት ይዞት ይዞራል።

አሁን በዚህ ላይ የእንቅልፍ ማጣትን ይጨምሩበት። የአራት ወር ሕፃን ያላት እናት ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደምትነሣ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በድካም፣ በጭንቀትና በሥራ መደራረብ ጊዜ የሚዝለው የመጀመሪያው ሠራተኛ ነው፤ ዘበኛው እንደ ነቃ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሐሳቡን ለማባረር አቅም ባጣበት ሰዓት ሐሳቡን የሚጠቁመው ክፍል ብቻውን ይሠራል። ሐሳቡ ሲደክምዎት የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በውስጥዎ ያደፈጠ ክፋት ጊዜ ጠብቆ ብቅ ስላለ አይደለም።

ዌግነር በዚያው ጥናት ሌላም ነገር ሞክሯል። ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች «ነጩ ድብ ከመጣባችሁ በምትኩ ስለ ቀይ ቮልስዋገን አስቡ» አላቸው፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በፍቅር የምናያት የዚያችው ቮልስ ነገር መሆኑ ነው። በእነዚህ ላይ ድቡ በኋላ የተመለሰው ባነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ። ለምን ቢሉ፣ መሸሺያ የሌለው ሰው ሐሳቡን ለማምለጥ ዐይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይይዛል። አንድ ጊዜ መስኮቱን፣ አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ ሌላ ጊዜ ጫማውን ይመለከታል፤ እነዚህ ሁሉ ከሐሳቡ ጋር ይቆራኙና ኋላ አስታዋሽ ይሆኑበታል። የእርስዎን ቤት በዚህ ዐይን ይመልከቱት። ቴሌቪዥኑ፣ የሽንኩርት መክተፊያው፣ የልጁ መታጠቢያ ሳፋ፣ የተቆለፈው መሳቢያ፣ «ወግድ» የሚለው ቃል ራሱ ሐሳቡን የሚቀሰቅስ ምልክት ሆኗል። ቢላዋ መቆለፍ ለቤተሰቡ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ለአእምሮዎ ግን «እኔ አደገኛ ሰው ነኝ» የሚል የዕለት ማስረጃ ነው።

የደብዳቤዎ ልብ ግን ያለው እዚህ ይመስለኛል፦ እርስዎን ያስደነገጠዎት ሐሳቡ መምጣቱ ብቻ አይደለም፤ ለሐሳቡ የሰጡት ፍቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ አብዛኞቹ ድንገተኛ፣ የማይፈለግና አንዳንዴም አስቀያሚ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ደግሞ በ13 አገሮች የሚገኙ 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው፣ ከመቶ 94 የሚሆኑት ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶባቸው ነበር። እኔ ራሴ ከፍ ያለ ፎቅ በረንዳ ላይ በቆምሁ ቁጥር «ብዘልስ?» የሚል ሐሳብ ሽው ይልብኛል፤ መዝለል ፈልጌ አላውቅም። በካናዳ የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለዱ እናቶች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናትም ወደ እኩሌታ የሚጠጉት እናቶች ልጃቸውን ሆን ብለው የመጉዳት ያልተፈለገ ሐሳብ እንደመጣባቸው አሳይቷል። እነዚህ እናቶች ልጃቸውን የሚጠሉ አልነበሩም። አዲስ እናት አእምሮዋ በልጇ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ሁሉ ሲያስስ ይውላል፤ ባሰሳውም የራሷ እጅ ሳይቀር ይመጣበታል። አንዷ እናት «ምን ዓይነት ነገር ነው የማስበው!» ብላ ታልፈዋለች፤ ሌላዋ «እንዲህ የማስብ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ትላለች። ሐሳቡ የሚሰነብተው ከሁለተኛዋ ዘንድ ነው።

ልማዳችንም ይህን ያባብሰዋል። ክፉ የተናገረን «አታሟርት» እንላለን፤ ክፉ ያሰበም እንደ ጠራው እንቆጥረዋለን። ለአራስ ከራስጌዋ ብረት የሚኖረው ክፉ ነገር እንዲርቃት ነው። በእርስዎ ቤት ጠባቂ የተባለው ብረት ራሱ የፍርሃት ምንጭ ሆነ፤ እናትዎ ግን ምንም አላጠፉም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳቡ ሲመጣ ማባረሩን ይተዉት። «ይኸው ያ ሐሳብ መጣ» ብለው በልብዎ ስሙን ጠርተው የያዙትን ሥራ ይቀጥሉ፤ ሽንኩርቱንም ይክተፉ። አይመርምሩት፣ አይከራከሩት፣ አማትበው አያባርሩት። መሳቢያውን ይክፈቱ፤ ልጅዎንም በመጀመሪያ እኅትዎ አጠገብዎ ሳሉ፣ ቀጥሎም እኅትዎ ሌላ ክፍል ሆነው፣ ከዚያም ብቻዎን ይጠቡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። «አልጎዳውም አይደል?» እያሉ እኅትዎን መጠየቅም ካለ እሱንም ይቀንሱ፤ የሚገኘው ማጽናኛ ለደቂቃዎች ብቻ የሚቆይ ነውና። ይህ አካሄድ የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ተጋፍጦ ማምለጫውን መተው ሲሆን፣ የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ ሰውን አንድን ነገር ደጋግሞ እንዲያደርግ ለሚያስገድደው፣ የእንግሊዝኛ ምህጻሩን ይዘን ኦሲዲ ለምንለው ሕመም ዋነኛው የንግግር ሕክምናም በዚሁ መንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። ሐሳቡና ጥንቃቄው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድብዎት ከሆነ ወይም ልጅዎን ከመያዝ ካገደዎት ብቻዎን አይታገሉት፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። መድኃኒት ካስፈለገም ጡት እያጠቡ ሊወሰዱ የሚችሉ እንዳሉ ሐኪሙ ይነግርዎታል። ለባለቤትዎም ይንገሩ። እንዴት እንደሚጀምሩ ከቸገረዎት ይህን ገጽ ያስነብቧቸው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልለይ። ከወሊድ በኋላ ከሺህ እናቶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዝ ሌላ ከባድ ሕመም አለ። የዚህ ምልክት ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ መስማት፣ ልጁ ክፉ መንፈስ እንደሆነ ወይም በሞቱ እንደሚድን ማመን፣ ሳይተኙ ድካም አለመሰማት፣ የንግግር መዘበራረቅ ነው፤ ሐሳቡም እርስዎን እንዳስጨነቀዎት ሳያስጨንቅ ትክክል መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር የታየባትን እናት ወይም ራሷን ማጥፋት የምታስብን እናት ቤተሰብ በዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ሊወስዳት ይገባል። እርስዎ የጻፉት ከዚህ የራቀ ነው።

«በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በቅዳሴ ሰዓት ልጽፈው የማልደፍረው ስድብ በሐሳቤ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቤተ መቅደስ በገባሁ ቁጥር ይመጣል። ማታ ስጸልይ ‹እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ› 41 ጊዜ እላለሁ፤ ሐሳቡ በመካከል ከገባ ግን ጸሎቱ የረከሰ ስለሚመስለኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አንዳንድ ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር (በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት) እንደሚሠራ ተምሬአለሁ፤ እኔ በሐልዮ ተሳዳቢ ሆኛለሁ ብዬ ከቆረብሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የንስሐ አባቴ ‹የአንተ አይደለም፣ ተወው› ይሉኛል፤ ለሦስት ቀን ያህል እረጋጋለሁ፣ ከዚያ እንደገና ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።» — ወጣት አገልጋይ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድማችን፣ እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ እንጂ መምህረ ሃይማኖት አይደለሁም፤ ስለዚህ ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባትህ የነገሩህን አልሽርም፣ አልጨምርበትምም። ደግሞም እርሳቸው ትክክለኛውን ነግረውሃል። እኔ የምጨምረው ሐሳቡ ለምን በቤተ መቅደስ እንደሚጠብቅህ ብቻ ነው።

ያልተፈለገ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሰው አብዝቶ የሚያከብረውን ስፍራ ነው። ከላይ የጻፉልን እናት ልጃቸውን ባይወዱ ሐሳቡ ባላስጨነቃቸው ነበር፤ አንተም ቅዱሱን ነገር ባትፈራ ስድቡ እንደ ማንኛውም ተራ ሐሳብ ባለፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሻፍራን፣ ቶርዳርሰንና ራክማን የተባሉ ተመራማሪዎች በእንዲህ ያለው ጭንቀት የሚሠቃዩ ሰዎች ሐሳብንና ድርጊትን እንዴት እንደሚያጣብቁ በዝርዝር አጥንተዋል። አንዱ መጣበቅ «ማሰቤ ከመሥራቴ አይለይም» የሚለው ነው፤ ሌላው «ካሰብሁት ይደርሳል» የሚለው ነው። ያንተ የመጀመሪያው ነው። «በሐልዮ» የሚለውን ቃል በዚህ መነጽር ስታነበው በአእምሮህ ሽው ያለው ሁሉ ኃጢአት መሰለህ። የንስሐ አባትህን ብትጠይቃቸው ሐልዮ ማለት ሰው ወድዶና ፈቅዶ የሚያውጠነጥነው ሐሳብ መሆኑን፣ ሳይጠራ ከሚመጣው እንደሚለይም የሚያስረዱህ ይመስለኛል። ስለ ግብፅ በረሃ አባቶች ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱም ይህንኑ ያሳያል። አንድ ወንድም ብዙ ሐሳብ አስቸገረኝ ብሎ ወደ አንድ አባት ሄደ፤ አባ ወደ ውጭ አወጡትና ልብሱን ዘርግቶ ነፋሱን እንዲይዘው አዘዙት። አልችልም ባላቸው ጊዜ፣ ነፋሱን መያዝ እንደማይቻለው ሁሉ ሐሳብ እንዳይመጣ ማድረግም እንደማይቻል፣ የእርሱ ድርሻ አለመቀበል እንደሆነ ነገሩት። ከዌግነር አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ነገሩን ገብቷቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ አርባ አንዱ እንምጣ። ከአንድ መጀመርህ ጸሎት መስሎህ ነበር፤ ነገር ግን ጸሎቱን ለፈተና አሳልፈህ ሰጠኸው። «ሐሳቡ ሳይገባ አርባ አንዱን ልጨርስ» ያልህ ዕለት ዘበኛውን ራስህ ቀጠርኸው፤ በእያንዳንዷ ቁጥር ላይም «መጣ ወይስ አልመጣም?» እያለ ይቃኛል። እንግዲህ እንዴት አይመጣ? ስለዚህ ከንስሐ አባትህ ጋር አንድ ጊዜ ተነጋግረህ ደንብ አስወጣ፦ ሐሳቡ ገባም አልገባም አርባ አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይባላል፣ ተመልሶ አይጀመርም፤ ስለዚህ ሐሳብም ዳግመኛ አይጠየቅም፤ መቼ እንደምትቆርብም እርሳቸው ይወስናሉ። በየሦስት ቀኑ የምታገኘው ማረጋጊያ ፍርሃቱን እንደሚመግበው ብትነግራቸው እርሳቸውም ይረዱሃል፤ የጥያቄህ መብዛት አስጨንቋቸው እየደጋገሙ ያጽናኑህ ይሆናልና። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አርባ አንዱን ጨርሰህ ስትተኛ «አልተቀበለኝም» የሚል ስሜት ይመጣል፤ ስሜቱን ይዘህ ተኛ።

በዚህ አጋጣሚ፣ ውዱኤ (ከሶላት በፊት የሚደረገው ትጥበት) አልሆነልኝም በማለት ደጋግመው የሚታጠቡ፣ ወይም ሶላታቸውን የሚደጋግሙ ሙስሊም አንባቢዎቻችንም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል፤ በእስልምና ወስዋስ በሚል ስም ሊቃውንቱ ሲያስተምሩበት የኖሩ ነገር ነው። ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ሊናገሩት የሚከብዳቸው ሐሳብ በልባቸው እንደሚመጣ ለነቢዩ በነገሯቸው ጊዜ፣ መክበዱን ራሱን የግልጽ ኢማን (እምነት) ምልክት አድርገው እንደተቀበሉት ተዘግቧል። የሚደረገውም ያው ነው፦ አንድ ጊዜ ታጥቦ መነሣት፣ አለመመለስ።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው የምናድረው። ባለፈው ጊዜ የመጀመሪያውን ሌሊት ‹አሁን ካልተኛሁ እወድቃለሁ፣ ስለ ፈተናው ማሰብ የለብኝም› እያልሁ ሳልተኛ ነጋ። ዘንድሮም እንዲህ እንዳይሆን እፈራለሁ።» — ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

ለዚህ መልሴ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት «በተቻለ ፍጥነት ተኙ» የተባሉና ሰልፍ የሚያስመታ ሙዚቃ እየሰሙ የተኙ ሰዎች፣ በፈለጉት ጊዜ እንዲተኙ ከተነገራቸው ይልቅ እንቅልፍ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ሙዚቃውን በሃምሳ ተማሪ ጫጫታ ተካው፤ የአንተ ሌሊት ነው። ስለዚህ ለመተኛት አትታገል፤ ዐይንህን ጨፍነህ መጋደምህ ብቻ ይበቃሃል፣ አንድ ሌሊት በደንብ አለመተኛትም ያጠናኸውን አያጠፋውም። ከአሁኑ ጀምረህ ደግሞ አንድ ነገር ልመድ። ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ለመጨነቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት መመደብ የቀኑን ጭንቀት ይቀንሳል። የፈተናው ሐሳብ ሲመጣ «አትምጣ» አትበለው፤ «ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንገናኝ» በለው። ሰዓቱ ሲደርስም ወረቀት ይዘህ ተቀመጥና ተጨነቅ። ቀጠሮ መስጠትና መከልከል አንድ አይደሉም፤ ቀጠሮ የተሰጠውን ሐሳብ በር ላይ ቆሞ የሚቃኝ ዘበኛ አያስፈልገውም።

«እናንተ ባለሙያዎች ሐሳብን መግፋት ጎጂ ነው ትላላችሁ። እኔ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመው ጦርነት ነበርሁ። ያየሁትን አይቻለሁ። ተመልሼ ሥራ ይዤ ልጆች አሳደግሁ፤ ትዝታው ሲመጣ ወደ ጎን እየገፋሁ ነው የኖርሁት። ገፍቼው ባይሆን ኖሮ የት እገኝ ነበር? አልክድም፣ አንዳንድ ሌሊት በሕልሜ ይመጣል። አሁን ልጄ ስለ ጊዜው ይጠይቀኛል፤ ልንገረው ወይስ እንደ ገፋሁት ልግፋው?» — የቀድሞ ወታደር፣ ከመቐለ መንገድ ማዶ ብለው የፈረሙ

ክቡር አባታችን፣ ክርክርዎ ተገቢ ነው፤ እኛ ባለሙያዎችም በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ አንድ ቃል አልተናገርንም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነ ጆሴፍ ዎልፒ ሐሳብ ሲመጣ «ቁም!» ብሎ መጮህን እንደ ሕክምና ያስተምሩ ነበር፤ በኋላም በእጅ አንጓ ላይ ላስቲክ አስሮ መወጠር ተጨመረበት። ከነጩ ድብ በኋላ ደግሞ ብዙዎቻችን ወደ ሌላው ዳር ሄደን «ማፈን ምን ጊዜም አይሠራም» ማለት ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ2001 የዚያን ጊዜ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ የታፈነ ሐሳብ መመለሱን ቢያረጋግጥም፣ መጠኑ ከአነስተኛ እስከ መካከለኛ ብቻ ሆኖ አገኘው። ይህን ለአንባቢ ሳንነግር ቆይተናል።

ከዚህም አልፎ፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዙልካይዳ ማማትና ማይክል አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ጥናት ከእርስዎ ወገን የሚቆም ነው። በ16 አገሮች የሚገኙ 120 ሰዎች የሚያስፈሯቸውን ወደፊት ሊመጡ የሚችሉ ነገሮች ዘረዘሩ፤ ከዚያም ለሦስት ቀን ሐሳቡን የሚያስታውስ ቃል እያዩ ምስሉ ወደ አእምሯቸው እንዳይገባ ማገድን ተለማመዱ። ፍርሃቶቹ ደበዘዙ፤ ስሜታቸውም ተሻለ፤ ከሦስት ወር በኋላም የጥቅሙ አሻራ ነበረ። በጣም የተጨነቁትና የድንጋጤ ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ይጎዳሉ ተብሎ ቢፈራም፣ ይልቁንም ጎልቶ የተጠቀሙት እነርሱ ሆኑ።

ታዲያ ነጩ ድብና ይህ ጥናት እንዴት ይታረቃሉ? እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። በካምብሪጁ ልምምድ ሰውየው አስታዋሹን ቃል ፊት ለፊት ያየዋል፤ ከእርሱ አይሸሽም፤ ምን እንደሚያስታውሰው አውቆ ምስሉን አልከተልም ይላል። ሐሳቡ መጥቶ እንደሆነ እየዞረ አይፈትሽም፣ በመምጣቱም ራሱን አይከስስም። እናቲቱ ግን ከቢላዋው ይሸሻሉ፣ ራሳቸውን ይፈትሻሉ፣ ይከስሳሉም። እርስዎ ሥራዎን እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ «አሁን አይደለም» ብለው ያለፉት ከመጀመሪያው ወገን ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ አልተሳሳቱም፣ እኔም ተው አልልዎትም።

ሕልሙ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ ከመተኛታቸው በፊት ስለ አንድ ሰው ላለማሰብ የጣሩ ተማሪዎች ያንኑ ሰው በብዛት በሕልማቸው አይተዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ገፊው ያርፋል። ስለዚህ ራስዎን ይህን ይጠይቁ፦ ሕልሙ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው ወይስ በየሳምንቱ? ድንገተኛ ድምፅ፣ ለምሳሌ የርችት ተኩስ፣ አሁንም ከመቀመጫዎ ያስነሣዎታል? ወሬው ከተነሣበት ቤት ወጥተው ይሄዳሉ? ከቆዩ ጓደኞችዎ የሸሹት በዚህ ምክንያት ነው? ለእነዚህ መልስዎ አዎን ከሆነ ገፍተው ያሳለፉት ትዝታ አሁንም ኑሮዎን እየቆረሰ ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላም ቢሆን ሕክምና አለው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች ዘንድ መሄድ ለወታደር ነውር አይደለም። መልስዎ አይደለም ከሆነ እንደ ኖሩ ይኑሩ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ሁሉንም መንገር ግዴታ የለብዎትም፤ ሕክምናም አይደለም። ከመጀመሪያው ጉዞ፣ ከምግቡ፣ ከጓደኞችዎ ጠባይ ይጀምሩ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ያህል ይቀጥሉ። የማይነግሩት ጋ ሲደርሱም ወሬ አይቀይሩ። «ይህን ዛሬ አልነግርህም» ይበሉት፤ ልጁ ያልተነገረ ነገር እንዳለ አውቆ ይጠብቃል፣ እርስዎም ከእርሱ የሚደብቁት ሳይሆን ለሌላ ቀን ያቆዩት ነገር ይኖርዎታል።